የእናቶቻችን ሻሽ «ባህል» ብቻ ነው?

ሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚማሩ አንዳንድ ሴት ልጆቻችን ቤት መጥተው «እማዬ፣ ያንቺ ሻሽ እኮ የኢትዮጵያ ባህል ነው፤ ሃላኻው የእዚህ ነው» ይላሉ። እናት ዝም ትላለች። እኔ ግን ዝም ማለት የለባትም ባይ ነኝ።

ነገሩ የሚነሳው ከኦሪት ነው። በዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ቁጥር 18፣ ባሏ የጠረጠራትን ሴት ካህኑ ራሷን ይገልጣል ይላል። ራቢዎቹ «ከተገለጠማ ቀድሞ ተሸፍኖ ነበር» ብለው ላገባች ሴት ሕግ አወጡበት። ታልሙድ እኛ ጋ አልደረሰም፤ ኦሪት ግን በግዕዝ በቄሶቻችን እጅ ነበረች። እናቶቻችንም ሻሻቸውን አስረው፣ ቀሚሳቸውን አስረዝመው ኖሩ። እርግጥ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ጎረቤት ትሸፍን ነበር። ታዲያ ይሄ የእኛን ከንቱ ያደርገዋል እንዴ?

እዚህስ ቢሆን መች አንድ ሆኑ? አንዷ ሚትፓኻት ታስራለች፣ አንዷ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ ሌላዋ ፔአ፣ ማለት ሰው ሠራሽ ጸጉር። ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ፔአን አጥብቀው ተቃወሙ፤ የሉባቪች ራቢ ደግሞ ከሻሽ ይሻላል ብለው መከሩ። ትልልቆቹ እንዲህ እየተለያዩ የአያቷን ሻሽ ከሃላኻ የሚያስወጣው ማነው?

የተገላቢጦሹም አለ። ልጅቷ አግብታ ስትሸፋፈን «ምነው አከረርሽ!» የምንል ወላጆች አለን። እናቷ ያደረገችውን ነው እኮ ያደረገችው።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ መምህሯን ይህንኑ ጠይቋት። ዕብራይስጡ ካስቸገረ ልጅቷ ራሷ ታስተርጉም።