ከዒሻእ በኋላ ያለው ሰዓት ለጭምቱ ይተውለት



ጀመዓችን ውስጥ ጭምት ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሶላታቸውን በጀመዓ ይሰግዳሉ፣ ደርስ አያመልጣቸውም። ዒሻእ ተሰግዶ ሻይና ጨዋታ ሲጀመር ግን ጫማቸውን አድርገው ይወጣሉ። ከኋላቸው «ጀመዓ አይወድም»፣ «ኮርታለች» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ይቁም እንላለን።

አቡ በርዛ አል-አስለሚይ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻእ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻእ በኋላ ደግሞ ወሬን ይጠሉ ነበር። ዑለሞች ለዒልም፣ ለእንግዳና ለቤተሰብ የሚሆነውን ለይተው አይተውታል፤ ስለዚህ ፈተና ሲደርስ አብሮ ማጥናት ሌላ ነው። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ስለሚዘልቅ የኳስ ክርክር ግን (የአርሰናል ደጋፊዎች አፉ በሉን) ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ተከራካሪው እንጂ ቀድሞ የተኛው ልጅ አይደለም።

ሐዋሳ ላይ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይገባል፤ እስከ ዒሻእ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አለ። ፕሮግራሞቻችን እዚያው መሐል ይለቁ።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ በሩን ይዘጋል። ዶርም ያለው ግን የራሱ በር የለውም፤ ፍቅር ሐይቅ ቢወርድም ከሰው ጋር መጋፋት ነው። የሱ የሚላት ያቺን ተደራራቢ አልጋ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ዉዱእ አድርጎ፣ ስልኩን አርቆ፣ አያተል ኩርሲን ቀርቶ በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ቀኑ ከላዩ ይወርድለታል። ፋጢማ (ረ.ዐ) የቤት ሥራ አድክሟቸው አገልጋይ ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያመላከቷቸው ከመኝታ በፊት 33 ሱብሓነላህ፣ 33 አልሐምዱሊላህ እና 34 አላሁ አክበር ማለትን ነበር። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እሷንም ከታችኛው አልጋ የሚጮህ ቪዲዮ ይቀማዋል፤ ወንድሜ፣ ማዳመጫ ሰካ።

ሶላት ያስተወ፣ ከክፍል ያስቀረ ወይም ምግብ የዘጋ ዝምታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለውን ለብቻው ጠርቶ በቀስታ መጠየቅ ይገባል። በሰው ፊት «ምን ሆነህ ነው?» ማለት ይብሱን ያርቀዋል።

አሚሮቻችን ኃላፊነት ሲያከፋፍሉ መናገር የማይጠይቅ ሥራም ያዘጋጁ፤ መጻሕፍት ማደራጀት፣ ይህን ጽሑፍ ማረም። የቴሌግራም ግሩፓችንም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ይሁን።