ከብልት ነቀርሳ ሕክምና በኋላ ስለ ባልና ሚስት መኝታ

ይህ ነገር በገበታ ላይ የማይነሣ ነው፤ ነገር ግን ዝምታው ትዳር ያፈርሳልና እንጽፈዋለን። ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ መገረዙ የብልትን ነቀርሳ በብዙ ስለሚከላከል በአገራችን ደዌው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ፈጽሞ አይደርስም ማለት አይደለም። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን ወጥቶ፥ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታክሞ የሚመለስ ባል፥ ቍስሉ ቢሽርም ከኀፍረት የተነሣ አልጋውን ይለያል፤ ሚስቱም ጠላኝ ብላ ታዝናለች።

ሐኪሙ የቈረጠው ጫፉን ብቻ እንደ ሆነ፥ የቀረው አካል ብዙ ጊዜ ይቆማል፥ ደስታም ይሰማዋል፤ ፍሬዎቹ አልተነኩምና ዘሩ አይጠፋም። ሁሉ ተቈርጦ እንደ ሆነ ግን ሽንቱን ተቀምጦ ይሸናል፤ ግንኙነቱም እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ይህን ልንሸሽገው አይገባንም። መተቃቀፍና መደባበስ ግን ይቀራል፤ ከዚህም እርካታ የሚያገኙ አሉ።

ነቀርሳው ወደ ሚስት አይተላለፍም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነው ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋልና፥ ሚስቲቱ የማሕፀኗን በር ታስመርምር። ባልየውም መቼ ወደ መኝታው እንዲመለስ ሐኪሙን ሲጠይቅ ሚስቱ አብራው ብትቀመጥ እንመክራለን፤ ባሎች ከሐኪም የሰሙትን እኩሌታውን በመንገድ ያስቀሩታልና።