ፊደልን የሚያደበዝዘው ፋይል፦ በትዕዛዝ ኅትመትና የምስል ቅርጸት ምርጫ

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማኅበራት ለእንቁጣጣሽ፣ ለዓድዋ መታሰቢያ ወይም ለእግር ኳስ ውድድር ከነቴራ ማሳተምን ልማድ አድርገውታል። ቀደም ሲል ከአንድ ማተሚያ ቤት መቶ ወይም ሁለት መቶ በጅምላ ይታዘዝ ነበር፤ ሳይሸጥ የተረፈውም በአንድ የኮሚቴ አባል ቤት ይከማች ነበር። ዛሬ ዲዛይኑ በበይነ መረብ ላይ ይቀመጣል፤ ገዢ ሲገኝ አንድ ከነቴራ ብቻ ታትሞ በቀጥታ ወደ ገዢው ቤት ይላካል። በትዕዛዝ ኅትመት የሚባለው ይህ አሠራር መነሻ ገንዘብ ለሌለው ማኅበርም ሆነ በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ወጣት ዲዛይነር በር ከፍቷል። ነገር ግን የቀድሞውን የማተሚያ ቤት ባለሙያ ከመካከል አስወጥቷል። ፋይሉን ተመልክቶ «ይህ አይሆንም፤ የተሻለ አምጣ» የሚል ሰው የለም። ማሽኑ የተሰጠውን ያትማል።

ጥቅሉ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚታየው እንግዲህ ያልተጠበቀ ነው። በአረንጓዴው ከነቴራ ደረት ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ተለጥፏል፤ በውስጡ ያሉት ፊደላት ጠርዛቸው ሻክሮ፣ ዙሪያቸውን አቧራ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ቅሬታው ወዲያው በአታሚው ላይ ይወርዳል። አታሚው ግን ያተመው የተላከለትን ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰው ዲዛይኑን በጄፔግ ቅርጸት ባስቀመጠበት ጊዜ ነው። ጽሑፍ ያለበት የኅትመት ዲዛይን በጄፔግ መቀመጥ የለበትም፤ ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ሲሆን ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ይህ ማለት ጄፔግ መጥፎ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኖ የጸደቀው ይህ ቅርጸት፣ ናስር አሕመድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የሒሳብ ስልት ላይ የተመሠረተ ነው። ምስሉን ወርዳቸውም ቁመታቸውም 8 ፒክስል በሆኑ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱን ክፍል በሞገዶች ድምር ይገልጻል፤ ከዚያም የሰው ዓይን ብዙም የማያስተውላቸውን ደቃቅ ሞገዶች ይጥላል። በሰው ፊት፣ በደመና ወይም በተራራ ፎቶግራፍ ላይ ጉድለቱ አይታወቅም። ጥቁር ፊደል ከነጭ መደብ ጋር የሚገናኝበት ስለታም ጠርዝ ግን የሚገለጸው በአብዛኛው በእነዚያው በተጣሉት ደቃቅ ሞገዶች ነው። በተጨማሪም ጄፔግ ቀለምን ከብርሃን ለይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን በግማሽ ወርድና በግማሽ ቁመት ብቻ ይይዛል። ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ መደብ ላይ ሲያርፍ ድንበሩ የሚቀላቀለው በዚህ ምክንያት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን አጎራብቶ መሥራት ለሚወድ ዲዛይነር ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

የላቲን ፊደል ጠርዙ ጥቂት ቢደበዝዝም በአብዛኛው ይነበባል። በግዕዝ ፊደል ግን ትርጉምን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያንሰው ጭረት ነው። ሰ ከሸ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ፣ በ ከቨ የሚለዩት በአናታቸው ላይ ባለው ምልክት ነው። የሉ ቅጥያ ከወገብ፣ የሊ ቅጥያ ከእግር ይወጣል፤ ሊ ከሌ የሚለየው ደግሞ በእግሩ ላይ ያለው ቅጥያ ጭረት ወይም ቀለበት በመሆኑ ነው። ያቺ ቀለበት ውስጧ በቀለም ከተደፈነ ሁለቱን ሆሄያት መለየት ያስቸግራል። «ሸማ» አናቱን ካጣ «ሰማ» ይሆናል፤ «ቀኝ» ወደ «ቀን» ይለወጣል። በደረት ላይ በትልቁ ለተጻፈ አንድ ቃል አደጋው ቀላል ሊሆን ይችላል። በሙት ዓመት መታሰቢያ ከነቴራ ላይ በደቃቁ ለሚታተም የሟች ስም ወይም በተመራቂዎች ከነቴራ ጀርባ ለሚደረደር የስም ዝርዝር ግን አንዲት ጭረት የሰውን ስም ታበላሻለች። ያንን ደግሞ ከነቴራውን የሚለብሱት ቤተሰቦች እንጂ ማሽኑ አያስተውለውም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚገባው ቅርጸት ፒኤንጂ ነው። አወለዱም የክርክር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ጂአይኤፍ በተባለው ቅርጸት ውስጥ ያለው የማመቂያ ስልት የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንዳለበትና ክፍያ እንደሚጠየቅበት ሲገለጽ፣ በነገሩ የተቆጡ ባለሙያዎች በበይነ መረብ ተሰባስበው ለማንም ነጻ የሆነ ምትክ ነደፉ፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1996 ጸደቀ። ፒኤንጂ ምስልን ሲያምቅ አንዲት ነጥብ አይጥልም። ከቀለም በተጨማሪ እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ይመዘግባል፤ ከፊደሉ በስተጀርባ የጨርቁ ቀለም እንዲታይ፣ ነጩ አራት ማዕዘንም እንዳይለጠፍ የሚያደርገው ይህ ነው። ጄፔግ ይህ ችሎታ ጨርሶ የለውም። የአማዞን የከነቴራ ኅትመት አገልግሎት ወርዱ 4500፣ ቁመቱ 5400 ፒክስል የሆነ ፒኤንጂ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ በ15 በ18 ኢንች ላይ ሲያርፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይደርሳል። የፋይሉ ክብደት የሚያስፈራቸው አሉ። ጥቂት ወጥ ቀለማት ያሉት ጽሑፍ ግን በፒኤንጂ እጅግ በደንብ ስለሚታመቅ ፍርሃቱ መሠረት የለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አገልግሎቱ ፒኤንጂ ሲጠይቃቸው ያላቸውን ጄፔግ ከፍተው በፒኤንጂ ስም እንደገና ያስቀምጡታል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አዲሱ ፋይል የቀድሞውን ጉድለት ከነአቧራው በታማኝነት ይጠብቃል እንጂ የተጣለውን አይመልስም። የደበዘዘ ምስልን አጉልተው የሚያጠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም የጎደለውን የሚሞሉት በግምት ነው። ግምታቸው ለሰው ፊት የተሳካ ቢመስልም በግዕዝ ጽሑፍ ላይ በየትኛውም ገበታ የሌለ ፊደል ሊፈጥር ይችላል፤ ጠርዙ ጥርት ያለ በመሆኑም ስሕተቱን ለማየት ይበልጥ ያስቸግራል።

ጄፔግ ግን ከየት ይመጣል? በውጭ አገር ባሉ ማኅበራት ዘንድ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከቴሌግራም ወይም ከዋትስአፕ። ዲዛይነሩ መልካም ፋይል ሠርቶ በኮሚቴው መወያያ ውስጥ እንደ ፎቶ ይልከዋል። መተግበሪያው ምስሉን ያሳንሰዋል፤ በጄፔግም ያምቀዋል፤ የነበረውን ዳራ አልባነት ያጠፋል። ከአባላቱ አንዱ በስልኩ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው የስክሪኑን ምስል ያነሣል፤ ሦስተኛው ለአታሚው ይልካል። ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ የደረሰ ምስል 16 ኢንች ቁመት ባለው ቦታ ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች የሚኖረው 80 ነጥብ ብቻ ነው። በስልክ ላይ ያማረው ዲዛይን በጨርቅ ላይ የሚፈራርሰው በዚህ ስሌት ነው። መድኃኒቱ ምንም ወጪ የለውም፤ በእነዚሁ መተግበሪያዎች ውስጥ ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ በቂ ነው።

ከፒኤንጂም በላይ ግን አንድ ደረጃ አለ፤ ማኅበራት በእጅጉ የሚዘነጉትም እሱን ነው። ዋናው ዲዛይን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅስት ስሌት በሚገለጽ የቬክተር ቅርጸት፣ ማለትም በኤስቪጂ ወይም በፒዲኤፍ፣ መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለው ፋይል ለሻይ ኩባያም ሆነ ለአዳራሽ ግድግዳ ሰንደቅ ሳይደበዝዝ ይለጠጣል፤ የሚፈለገው መጠን ያለው ፒኤንጂም ከእርሱ በማንኛውም ጊዜ ይወጣል። የጥለት ዲዛይን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ የተሣለ ቅርጽ እየተደጋገመ የሚሄድ ሥራ ነውና። የቀሚስ ጠርዝን በስልክ አንሥቶ በቦርሳ ላይ ማተም ይቻላል፤ ውጤቱ ግን የጨርቅ ፎቶግራፍ እንጂ ጥለት አይሆንም። በቬክተር ሥራ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ወደ ቅርጽ መስመር ካልተለወጠ ፋይሉን የሚከፍተው ኮምፒውተር ዲዛይነሩ የመረጠው ፎንት ላይኖረው ይችላል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዓመታት ቢያልፉም፣ ያ ኮምፒውተር ፊደሉን በሌላ ፎንት ተክቶ ወይም በባዶ ሳጥን ለውጦ ሊያቀርበው ይችላል።

በጥቁር ከነቴራ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ስለ ጥላ ሊያውቁ ይገባል። በጨርቅ ላይ በቀጥታ ቀለም የሚረጩ ማሽኖች በጠቆረ ከነቴራ ላይ አስቀድመው ነጭ ቀለም ያነጥፋሉ። ከፊል ብርሃን አሳላፊ የሆነ ለስላሳ ጥላ ወይም ጭጋግ በስክሪን ላይ ያማረ ቢሆንም፣ ነጩ ንጣፍ ከሥሩ ብቅ ብሎ እንደ ዱቄት ይታያል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ይኑር ወይም ሙሉ በሙሉ ይጥፋ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ቀን በዓል ይበዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ በስልክ ብቻ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችን ያስደነግጣል የሚልም አለ። ተቃውሞው እውነት አለው። ዲዛይኑ በሙሉ ፎቶግራፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሟች አባት ፎቶ ያለ ምንም ጽሑፍ በኩባያ ላይ ከታተመ፣ በከፍተኛ ጥራት የተቀመጠ ጄፔግ ይበቃል፤ እርሱን ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ከሥሩ በሚጻፉበት ጊዜ ግን ፎቶው በጽሑፉ ምክንያት ወደ ፒኤንጂ ይሻገራል። ይህንን ለማድረግ ስልክም ይበቃል።

ኮሚቴዎች ለዲዛይነር ገንዘብ ሲከፍሉ አንድ ምስል ተቀብለው መሰነባበታቸው ሊቀር ይገባል። በስምምነቱ ውስጥ ጽሑፉ ወደ መስመር የተለወጠበት የቬክተር ፋይል፣ ጽሑፉ ሊታረም የሚችልበት የሥራ ፋይልና ለኅትመት የተዘጋጀ ዳራ አልባ ፒኤንጂ በስም ተጠቅሰው ሊገቡ ይገባል፤ የሚቀመጡትም በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ሳይሆን ማኅበሩ በሚያዝበት ቦታ መሆን አለበት። በትዕዛዝ ኅትመት ደግሞ የቀድሞው ማተሚያ ቤት በቀላሉ የማይሰጠውን ዕድል ይሰጣል፤ ሽያጩ ከመታወጁ በፊት አንድ ከነቴራ ብቻ ለናሙና ማዘዝ ይቻላል። ናሙናው ሲደርስ ኮሚቴው ስለ ቀለሙ መከራከሩን አቆይቶ፣ በጥሩ ብርሃን አጠገብ የሸን አናትና የሌን ቀለበት ይመርምር።