በአይሮፕላን ውስጥ የሚያስል ጎረቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ካምፓላ የሚሄድ መንገደኛ ሁለት ሰዓት ያህል በርሮ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሚገኘው በኢንቴቤ አይሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። ጊዜው አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው አፉን ሳይሸፍን የሚያስል እንደ ሆነ ሁለቱ ሰዓት እንደ ሁለት ቀን ይረዝምበታል። መሸሻ ስፍራ የለም፤ እንዳይናገርም ይሉኝታ ይይዘዋል። በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሳንብስ አንቀርም። ጎረቤታችን ሲያስነጥስ «ይማርዎ» እንላለን፤ እርሱም «ያኑርዎ» ይለናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማስነጠስ ሁሉ በዝምታ እንቀበላለን።

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አለመሆኑን ኢንቴቤ ራሱ ይመሰክራል። መጋቢት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ከዱባይ የመጣ አንድ መንገደኛ የሰውነቱ ሙቀት ሲለካ 38.7 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ከሌሎቹ ተለይቶ ተመረመረ፤ በኡጋንዳ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መሆኑም ታወቀ። ከዚህ በኋላ ለመንገደኞች የተዘጋው ማረፊያ እንደገና የተከፈተላቸው መስከረም 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሌሊት መለኪያው ተግባሩን ፈጸመ። ነገር ግን ትኩሳት የሚያበርድ ክኒን ውጦ የተሳፈረ ሰው በመለኪያው ፊት ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በአይሮፕላን ውስጥ የደበቀው ግን ለጎረቤቱም ይተርፈዋል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የአይሮፕላኑን አየር ነው። ይህ ፍርሃት የተጋነነ ነው። በዘመናዊ ትልልቅ አይሮፕላኖች ውስጥ አየሩ በሰዓት 20 ጊዜና ከዚያም በላይ ይለወጣል፤ ግማሹ ያህል ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ የቀረው ከመቶ 99.97 የሚሆነውን ረቂቅ ብናኝ በሚያስቀር ማጣሪያ ያልፋል። አደጋው የሚበረታው ማናፈሻው ሲቆምና ሕመምተኛው ቅርብ ሲሆን ነው። በ1969 ዓ.ም. በአላስካ 54 ሰዎች የያዘ አንድ አይሮፕላን ተበላሽቶ፣ ማናፈሻው ሳይሠራ ለሰዓታት በመቆሙ፣ በአንዲት ሕመምተኛ ምክንያት ከመንገደኞቹ 72 ከመቶው በሦስት ቀን ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ ታመሙ። ስለዚህ ብርድ ፈርቶ ከራስ በላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ መዝጋት አይገባም። የምግብ ማስቀመጫውን ጠረጴዛ በእርጥብ መጥረጊያ መወልወልና ባልታጠበ እጅ ዓይንንና አፍንጫን አለመንካት ይጠቅማል። መቀመጫ ለመምረጥ ለቻለ ሰው ደግሞ የመስኮቱ ወገን ይሻለዋል፤ በመተላለፊያው የሚመላለሰው ሰው ሁሉ አይጠጋውምና።

ታዲያ ጎረቤትን እንዴት ይናገሩታል? «ለምን አፍዎን አይሸፍኑም?» ማለት ጠብ መጫር ነው። «ይማርዎ፤ ጉንፋኑ የጠናብዎ ይመስለኛል። ይህ ጭምብል ትርፍ ስለሆነ ልስጥዎ?» ብሎ ማቀበል ግን አያስቀይምም። በዕድሜ የገፉትን «አባቴ» ወይም «እናቴ» ብሎ መጀመር መልካም ነው። «አንተ» ብሎ የጀመረ ሰው ጭምብሉን መልሶ ይዞ ይቀመጣል። እምቢ ካሉም አስተናጋጇን በዝግታ ጠርቶ ባዶ ስፍራ መኖሩን መጠየቅ ነው፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ሕመምተኛውን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው። ይልቁንም ከካምፓላ የሚመጣ ሰው ባሳለ ቁጥር «ኢቦላ ነው» ብሎ መሸሽ አይገባም። በጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በካምፓላ መግባቱ የታወጀው ኢቦላ ሚያዝያ 18 ቀን ማብቃቱ ተነግሯል፤ በሽታውም የሚተላለፈው ከታመመ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ ፈሳሽ ጋር በመነካካት እንጂ እንደ ጉንፋን በአየር አይደለም።

ሕመምተኛው እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ጉዞውን ማዘግየት ነው፤ ገንዘብ ማስወጣቱ አይቀርም። እናቶችም በጉንፋን የተያዘ ሕፃን አይሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮውን እጅግ እንደሚያመው ይወቁ፤ በዚያ ሰዓት ጡት ወይም ጡጦ ቢሰጡት ይቀልለታል።

ከኢንቴቤ እስከ ካምፓላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለ 14 መቀመጫው የካምፓላ ታክሲ ማጣሪያ የለውም፤ መስኮቱን ለመክፈት ግን የሚያስፈልገው የጎረቤት ፈቃድ ብቻ ነው።