የፆታ ሽግግር የሆርሞን መድኃኒት፦ የዓለም ክርክርና የሸዋ ሮቢት ታካሚ

ወንድ ሆኖ ተወልዶ ራሱን ሴት አድርጎ የሚያይ ሰው የሴት ሆርሞን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድበት ሕክምና ባለፉት ዓመታት በየአገሩ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቷል። የክርክሩ ወሬ በእጅ ስልክ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ድረስ ይገባል። ከወሬው ጋር የማይገቡት ግን ሐኪሙ፣ ላቦራቶሪውና ክትትሉ ናቸው። ለታካሚና ለቤተሰብ ዋናው አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በዓለም ላይ ምን ተወሰነ?

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ያጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን የፆታ አለመጣጣም ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር አስቀምጦታል። በእንግሊዝ በዶክተር ሂላሪ ካስ የተመራው ጥናት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ለልጆች የሚሰጠው ሕክምና የተመሠረተበት ማስረጃ ደካማ መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የብሪታንያ መንግሥት ከ18 ዓመት በታች ላሉ ለዚሁ ዓላማ የሚሰጡትን ጉርምስና የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ላልተወሰነ ጊዜ አገደ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የቴኔሲ ግዛት በልጆች ላይ ያወጣውን ክልከላ አጸናው።

እነዚህ እገዳዎች የሚመለከቱት ልጆችን ነው። አዋቂዎችን በተመለከተ የሕክምና መመሪያዎች አሉ፤ የጋራ መልእክታቸውም መድኃኒቱ ያለ ምርመራና ያለ ክትትል እንዳይወሰድ ነው።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ሐኪም ሲያዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያጣምራል፦ ኢስትራዲዮል የተባለውን የሴት ሆርሞንና የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚገታ መድኃኒት። ለሁለተኛው በብዛት የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን ነው። ይህ መድኃኒት እኛ አገር ለልብ ድካምና በጉበት ሕመም ምክንያት ሆዳቸው ውኃ ለሚቋጥር ሕመምተኞች የሚሰጥ የታወቀ እንክብል ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ ስለተገኘ ብቻ መደምደሚያ ላይ አይድረሱ።

የጡት እድገት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ እስኪጠናቀቅም ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። ቆዳ ይለሰልሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል። ድምፅ ግን አይቀጥንም። መድኃኒቱ ቢቆምም ያደገው ጡት አይጠፋም። የመውለድ አቅም ይቀንሳል፤ ላይመለስም ይችላል።

ማዘዣ ወረቀት ብቻ አይደለም

የአሜሪካው ኢንዶክራይን ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ መሠረት በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ምርመራ ይደረጋል። በደም ውስጥ ያለው ኢስትራዲዮል በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ፒኮግራም፣ ቴስቶስትሮን ደግሞ በአንድ ዴሲ ሊትር ከ50 ናኖግራም በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ስፓይሮኖላክቶን የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙም ይለካል። ከመጀመሩ በፊት የደም መርጋት ታሪክ፣ የደም ግፊት፣ የጉበት ጤንነትና ሲጋራ ማጨስ ይጠየቃሉ።

በሸዋ ሮቢት ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚከታተል አገልግሎት የለም። ለከፍተኛ ሕክምና ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወይም ከዚያ አልፎ አዲስ አበባ መድረስ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ይህን ጉዞ አስቸጋሪ አድርጎታል። በዚህ ላይ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። የፆታ አለመጣጣምና የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም ሰው አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ፍርሃቱ አንድ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ተደብቆ ይወስዳል።

ተደብቆ ሲወሰድ ምን ይሆናል?

በቀላሉ የሚገኘው የሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ግን የደም መርጋት አደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ለዚህ ሕክምና አይመከርም። «ቶሎ ይሥራልኝ» ብሎ ደራርቦ መዋጥ ውጤቱን አያፋጥነውም፤ አደጋውን ይጨምራል እንጂ።

የቆላው ኑሮ የራሱን ጫና ያክላል፦

• በሙቀት ብዙ ላብ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ኖሮ ስፓይሮኖላክቶን ሲወሰድ ኩላሊት ይጎዳል፤ ፖታሲየምም ሊጨምር ይችላል። ኮትሪሞክሳዞል አብሮ ከተወሰደ ይህ ይብሳል።
• ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የኢስትሮጅንን መጠን ይቀንሳል። ሐኪሙ ሳያውቅ መጠኑን ራስ በራስ መጨመር አደገኛ ነው።
• በአካባቢው የሚታወቀው ቢልሃርዚያም ሆነ የጉበት ቫይረስ ጉበትን የሚጎዱ በሽታዎች ናቸው። ኢስትሮጅን የሚጣራው ደግሞ በጉበት ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱ ምልክቶች

• የአንድ እግር ማበጥና ሕመም
• ድንገተኛ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር
• የአካል አንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር
• ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር
• የዓይን ቢጫ መሆን
• የልብ ምት መዛባት ወይም ከባድ የጡንቻ ድካም

ሆርሞን እንደሚወሰድ ያልተነገረው ሐኪም የትንፋሽ ማጠሩን የሳንባ ምች፣ የእግሩን ሕመም የሥራ ድካም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ ስሙን፣ መጠኑንና ምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደ ይንገሩ። ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ያለ አግባብ ቢያወጡ በዚያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ይጠየቃሉ። ለብቻ መነጋገር ከፈለጉ ክፍሉ ሰው እንዳይኖርበት መጠየቅ ይችላሉ።

ለቤተሰብ

ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ሆርሞን እንደሚወስድ ካወቁ ቁጣና ከቤት ማስወጣት መድኃኒቱን አያስቆመውም፤ ይበልጥ ያስደብቀዋል። «ምን ወሰድክ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ይሰማሃል?» ብለው ይጠይቁ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለው ብቻውን አይተዉት፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። ለልብ ወይም ለጉበት የታዘዘ ስፓይሮኖላክቶን ከሆነ ያለ ሐኪም ምክር አያስቁሙ። በጉዳዩ ላይ ያለዎት አቋም ምንም ይሁን ምን፣ እግሩ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው ሕክምና ነው።