አስታማሚዋን ማን ያስታምማት?

«ጃጅተው ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚለው አባባል ብዙ ቤት ጎድቷል። የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) የአንጎል በሽታ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል እንጂ እርጅና ራሱ አይደለም።

ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ አስታማሚዋ ነው። «አስታማሚዋ» ያልኩት አውቄ ነው፤ በብዙ ቤት ሁሉንም የተሸከመችው ሥራዋን የተወች አንዲት ሴት ልጅ ናት። በዓለም ደረጃም ለእነዚህ ታማሚዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ወንድሞቿ ለበዓል ብቅ ይላሉ። ውጭ ያሉት ብር ልከው «እማዬ ለምን እንዲህ ከሳች?» እያሉ በስልክ ይቆጧታል። ብሩ ያስፈልጋል፣ አልካድኩም። ሌሊት ሦስቴ ተነስቶ በር የሚጠብቀው ግን ብሩ አይደለም።

የሙያ ባልደረቦቼም ይስሙኝ። ለስኳር ታማሚ ቤተሰብ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚወጋ ይታያል። ለዚህች ልጅ ግን መድኃኒት ተጽፎ «ተንከባከቢያቸው» ተብላ ትሸኛለች። እንዴት አድርጋ? በሽታውን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ዋናው ሕክምና ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው፤ እሱን ደግሞ ያስተማራት የለም።

ለምሳሌ እናት «ብሬን ሰረቅሽኝ» ሲሏት መከራከር ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ የሸሸጉት ራሳቸው ናቸው፤ መሸሸጋቸውን ግን አንጎላቸው አልያዘውም። «ነይ እማዬ፣ አብረን እንፈልገው» ማለት ይሻላል። ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉም መጮህ ያስፈራቸዋል። ስለዚያ ቤት ጠይቋቸው፣ ቡና አቅርቡላቸው፣ ጥቂት አብራችሁ ተራመዱ። ሲመሽ መረበሽ በዚህ በሽታ የተለመደ ነው። በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጡ ግን «በሽታው ባሰ» ብላችሁ አትቀመጡ፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

ትምህርቱ ብቻውን እንቅልፍ አይሆናትም። እህት ወንድሞች፣ ተራ ግቡ! ዕቁብ የምንጥል ሕዝብ ነን፣ ተራ መጠበቅ አልጠፋንም። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ውሰዱላት። ውጭ ያላችሁም ለዕረፍት ስትመጡ ሁለት ሳምንት እናንተ አስታምሙ።

አንቺ ደግሞ፦ እንቅልፍ ካጣሽ፣ ለቅሶ ከበዛብሽ፣ እጅሽን ለማንሳት ከቃጣሽ ክፉ ልጅ ስለሆንሽ አይደለም፣ ከአቅምሽ በላይ ደክሞሽ ነው። በራስሽ ስም ካርድ አውጥተሽ ሐኪም አናግሪ። ያን ቀን እናትሽ ዘንድ የሚውለው ወንድምሽ ነው።