የሚሠራ እጅ አይናቅ



ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ነገር ሊመስል ይችላል። ይኸውም ስለ ጣሳና ስለ ሽቦ መኪና ነው። ታዲያ ማኅበሩ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ወርኃዊ መዋጮ መጻፍ ትቶ ምን ነካው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የዕቃ ቤታችን የፊት ክፍል ይከራይ ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሽ መኪና ለሚሠሩት ይተው የሚለው ነገር በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ለውሳኔ ይቀርባል። ስለሆነም እጅ ከመውጣቱ በፊት ሐሳባችንን ማስታወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው በሰፈራችን የሽቦ መኪና ሳይነዳ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። የሰርዲን ቆርቆሮ ሻንሲ ይሆናል፣ ቆርኪ ጎማ ይሆናል፣ ያረጀ ነጠላ ጫማም በክብ ሲቆረጥ ከቆርኪ የተሻለ ጎማ ይወጣዋል። ሽቦው በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ካለፈ ጎማው ሳይወላገድ ይዞራል። ከፊት ጎማ ጋር ረጅም ሽቦ ተያይዞ ጫፉ ላይ መሪ ከታጠፈለት ደግሞ ልጁ ቆሞ እየሮጠ ይነዳዋል። ይሄን ከመጽሐፍ ያነበበ የለም፤ ታላቅ ለታናሽ እያሳየ እዚህ የደረሰ ነው።

አሁን የተጀመረው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ያለፈ ነው። ልጆቹና አብረዋቸው የሚቀመጡት ጡረተኛ ሾፌሮችና መካኒኮች መኪና የሚመስል ነገር መሥራቱን ትተው፣ የእውነተኛውን መኪና ልክ ወስደው ማሳነስ ይዘዋል። ልዩነቱ በምሳሌ ይገባል። የድሮዋ ቮልስዋገን፣ ያቺ ጀርባዋ ጎባጣዋ፣ ከፊት ጎማዋ መኻል እስከ ኋላ ጎማዋ መኻል 2 ሜትር ከ40 ሳንቲም ናት። ርዝመቷ ወደ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲም፣ ወርዷ ወደ 1 ሜትር ከ54 ሳንቲም ይሆናል። 1 ለ20 እናድርጋት ከተባለ ሁሉንም ለ20 ማካፈል ነው። የጎማዎቹ ርቀት 12 ሳንቲም፣ ርዝመቷ 20 ሳንቲም ከትንሽ፣ ወርዷ 7 ሳንቲም ከ7 ሚሊ ይመጣል። ርዝመቷን ለ20፣ ወርዷን ለ25 ያካፈለ ሰው ግን መኪናዋን ያቀጥናታል፤ ዓይን ወዲያው ያውቅባታል። ማካፈል በትምህርት ቤት አልገባ ያለው ልጅ እዚህ ሲገባው ታይቷል። ሒሳቡን ከሳተ ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ይቀመጥና መኪናዋ አልሄድም ትላለቻ!

ይህ ሥራ በሌላው ዓለም የትልልቅ ሰዎች መዝናኛ ከሆነ ቆይቷል። ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን እንደተረዳነው፣ ከፕላስቲክ ተሠርቶ ተበታትኖ በካርቶን የሚሸጥ አለ፤ ገዢው እያጣበቀና ቀለም እየቀባ ያቆመዋል። የቤት መኪናው ብዙውን ጊዜ 1 ለ24፣ ታንክና የጦር መኪናው ደግሞ 1 ለ35 ነው። የ35ቱ ነገር ያስገርማል። ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው ሞተሩና የባትሪ ድንጋዩ ውስጡ እንዲገባ አድርጎ ነው። ቆይቶ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉትና ልማድ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ትልቅ ፋብሪካ እንኳ በእጁ ካለው ነገር ተነሥቷል። የእኛ ልጆች ከሰልሳ ጣሳ ቢነሡ ምን ያሳፍራል?

የተቃዋሚዎችንም ቃል ሰምተናል። አንደኛ፣ የአጥር ሽቦ ተቆረጠብን የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለው ነገር ነውር ነው። ከአጥር፣ ከመብራት ወይም ከስልክ መስመር የተቆረጠ ሽቦ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ፣ ይዞ የተገኘም ከጠረጴዛው እንዲነሣ እንጠይቃለን። በዚህ ፈንታ እያንዳንዱ ቤት ባዶ ጣሳውንና ትርፍራፊ ሽቦውን ቢያቀብል የሚሰርቅ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ የጤና ነገር ነው። የተቆረጠ ጣሳ ጠርዙ ምላጭ ነው፤ በሞረድ ሳይሞረድ ወይም በፒንሳ ሳይታጠፍ ለሕፃን አይሰጥ። በዛገ ቆርቆሮ የተቆረጠ ልጅ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ታጥቦ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መንጋጋ ቆልፍ ቀልድ አይደለም፣ መከላከያ ክትባትም አለው። ማስቲሽ ደግሞ ጨርሶ አይግባ። ማስቲሽ ማሽተት በልጆች ላይ የሚያደርሰውን በየመንገዱ የምናየው ነው። ቆርቆሮ በእጥፋትና በሽቦ ከተያያዘ ያለ ማስቲሽም ይጠናል።

ሦስተኛው የኪራዩ ነገር ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ድንኳናችን ተቀዷል፣ ወንበርም ጎድሏል፣ ካዝናው እንዳልሞላ መዝገቡን የምንይዘው እኛ እናውቃለን። የክፍሉ ኪራይ ቢገባ ብዙ ቀዳዳ ይደፍናል። ይሁን እንጂ ድንኳን በመዋጮ ይጠገናል። የፊያት ኤንትሬ ባሌስትራ እንዴት እንደሚደረደር በጣቱ የሚያውቅ አዛውንት ግን ዛሬ ለልጅ ካላሳየ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል፤ በምን መዋጮ እናወጣዋለን? ክፍሉ ሲዘጋስ ልጆቹ ቅዳሜን የት ይውላሉ? መንገድ ዳርና ጫት ቤት ደጃፍ ነዋ።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ክፍሉ ለአንድ ዓመት ይተውላቸው። ቁልፉ በአንድ አዋቂ እጅ ይሁን። ሴቶች ልጆችም እንደ ወንድሞቻቸው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ዓመቱ ሲሞላ የሠሩትን በአባላት ፊት ይደርድሩ፤ ያኔ አይተን፣ የማይረባ ከሆነ እናከራየዋለን። እስከዚያው ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን መኪና ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትጣሉባቸው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው። ግን በልጅነቱ ማቡካት ያልለመደ፣ ሲያድግስ ራቱን ማን ሊያቦካለት ነው?

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት